ግንድ አያነሡም

አይሱዙው በጓሮ በር በኩል ኋላውን ሰጥቶ ገባ። ረዳቱ የጎኑን ብረት ሲለቀው አሥራ አንድ የባሕር ዛፍ ግንድ እየተንጋጋ ወርዶ ግቢውን አናወጠው። የእህቴ ልጅ ሠርግ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ለጠላው፣ ለእንጀራው፣ ለወጡ ማገዶ ያስፈልጋል። እህቴ ደግሞ "የድግስ እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ ጀምሬ መብራት ቢጠፋ ማን ይደርስልኛል?" ብላ ከአቋሟ ፈቀቅ አላለችም። ግንዱ ገና እርጥብ ነበር፤ ልጡ አልተላጠም፤ ሽታው ጉንፋን የያዘው ሰው አፍንጫ ይከፍታል።

ጫኝና አውራጆቹ በሒሳብ ተከራክረው፣ ተስማምተው ሊወጡ ሲሉ አንደኛው ዞር አለና "ፈላጭ ካልጠራችሁ ይሄ የሚደርሰው ለሙሽራው ልጅ ሠርግ ነው" አለን።

ይህን ሚዜዎቹ ሰሙ። ሦስቱም ጂም የሚሠሩ፣ ሸሚዛቸው ክንዳቸው ላይ የጠበበ ልጆች ናቸው። ሁለቱ ጫፍና ጫፉን፣ ሦስተኛው መሐሉን አቅፎ፣ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!" ብለው አንዱን ግንድ ከመሬት አላቀቁት። ሦስት እርምጃ ሄዱ። ከዚያ አንደኛው ጣቱን ለማዳን ለቀቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት፤ ግንዱ ከነበረበት ብዙም ሳይርቅ ተጋደመ። ወዴት ልትወስዱት ነበር ብላቸው እርስ በርስ ተያዩ። ስለ ማንሣቱ እንጂ ስለ መድረሻው አልተነጋገሩም።

እኔ ወንበሬ ላይ ነበርኩ። ላለመርዳት በቂ ምክንያት አለኝ። አምና በጥምቀት ሰሞን ከዚህ ግማሽ የማይሞላ ግንድ ብድግ አደርጋለሁ ስል ወገቤ "ቋ" አለና አሥራ ሁለት ቀን ጎብጬ ከረምኩ። መጀመሪያ ወጌሻ፣ ቀጥሎ ሐኪም ቤት፣ በመጨረሻ ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፎ መተኛት። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ከተሸናፊው ወገን ሆኜ ነው።

ፈላጩ በማግስቱ ጠዋት መጡ። ስድሳን ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ ሰው ናቸው። ከቤታችን በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ላይ ከሽሮ ሜዳ ጀምሮ ያለ ሰው ሁሉ "ጋሼ" ይላቸዋል። በትከሻቸው የሁለት ሰው መጋዝ አንግበዋል። በማዳበሪያ ውስጥ ደግሞ ፋስ፣ ሁለት ሽብልቅ፣ ሞረድና ላምባ ያለባት ትንሽ ፕላስቲክ ይዘዋል። ወዲያው ሥራ አልጀመሩም። ሻይ ጠየቁ። ብርጭቆውን ይዘው በግንዶቹ መሐል ዞሩ፤ አንዳንዱን በእግራቸው ገፋ አደረጉ፤ የተቆረጠውን ፊት ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ የትናንቱን ግንድና በዙሪያው የተደነቃቀፈውን የእግር ዱካ አይተው፣

"ማነው አንሡት ያላችሁ?" አሉ።

ሚዜዎቹ ዝም።

"ልጄ፣ ግንድ አያነሡም።"

ቆየት ብዬ እርሳስና ወረቀት ይዤ ሳሰላው የገባኝ ይህ ነው። እዚያ የተጋደመው ግንድ ውፍረቱ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ነው። አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ክብደቱ ከውኃ ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ አንዱ ግንድ 140 ኪሎ ግድም ይመዝናል። ውፍረቱ በግማሽ ቢቀንስ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ክብደቱ በግማሽ ብቻ አይቀንስም፤ ሩብ ይሆናል፣ 35 ኪሎ። ወፍራሙ ራሱ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ቢቆረጥ አምስት ቁራጭ ይወጣዋል፤ እያንዳንዱም 28 ኪሎ ነው። ሚዜዎቹ በሦስት ሰው ያቃታቸውን ማንም አንድ ሰው በአምስት ምልልስ ይጨርሰዋል፤ ያውም እያንከባለለ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለሰው ብቻ ሳይሆን ለግንድም ይሠራል ማለት ነው።

28 ኪሎም ቢሆን ቀላል አይደለም። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ጥናት ተቋም አንድ ሰው ሁሉ ነገር ተመችቶት፣ ዕቃው ከሰውነቱ ተጠግቶ፣ ወገቡ ሳይጠማዘዝ እንዲያነሣ የሚመክረው ክብደት 23 ኪሎ ነው። ነገሩ ያለው "ተጠግቶ" በሚለው ላይ ነው። ወገብን ቀጥ አድርገው የሚይዙት የጀርባ ጡንቻዎች ከአከርካሪው መጋጠሚያ የሚርቁት 5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ክንዳችንን ዘርግተን፣ ከወገባችን ግማሽ ሜትር አርቀን 20 ኪሎ ስናነሣ ጡንቻው ያንን ለማመጣጠን አሥር እጥፍ፣ 200 ኪሎ ያህል ይጎትታል። አምና የኔ ወገብ "ቋ" ያለው ለዚህ ነው፤ ግንዱን እንደ ሕፃን ማቀፍ ሲገባኝ እንደ ቆሻሻ አርቄ ነበር የያዝኩት።

ጋሼ ይህን ሁሉ በቁጥር አያውቁትም። የሚያውቁት ዲጅኖ የት እንደሚገባ ነው። የጎረቤትን ዲጅኖ አስመጡና ጫፉን ከግንዱ ሥር ሰደዱ፤ ከጫፉ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ላይ ድንጋይ አስደገፉት፤ ሌላኛውን ጫፍ በአንድ እጃቸው ተጫኑት። የግንዱ አንድ ወገን ከመሬት ተነሣ። በሌላው እጃቸው ሻይ ይዘው ነበር።

"ትራስ ስጠው!" አሉ ሚዜውን። ልጁ ዙሪያውን አየ። "ፍልጡን! ፍልጡን ከሥሩ አስገባለት!"

ዲጅኖው አንድ ሜትር ተኩል ነው። ድንጋዩ ከጫፉ 15 ሳንቲ ሜትር ላይ ከተቀመጠ በእጅ በኩል 135 ይቀራል፤ ዘጠኝ እጥፍ ጉልበት ይሰጣል። የግንዱን አንድ ወገን ብቻ ስለምናነሣ ክብደቱ 70 ኪሎ ነው፤ 70ን ለዘጠኝ ብናካፍል 8 ኪሎ አይሞላም። እህቴ በየሳምንቱ ከገበያ የምታመጣው ዘንቢል ከዚህ ይከብዳል። የሚከፈልበት ዋጋ ግን አለ፦ እጃችን 45 ሳንቲ ሜትር ወርዶ ግንዱ የሚነሣው 5 ብቻ ነው። ሥራው አልቀነሰም፤ ተበታተነ እንጂ። ለትራስ ማስገቢያ ደግሞ 5 ሳንቲ ሜትር ይበቃል።

ሰሜን አሜሪካ ውስጥ በወንዝ ግንድ ያንሳፍፉ የነበሩ ሠራተኞች ለዚህ የራሳቸው መሣሪያ አላቸው። ረጅም እንጨት ነው፤ ጫፉ ላይ እንደ ጭልፊት ጥፍር የታጠፈ፣ የሚወዛወዝ መንጠቆ አለው። ጥፍሩ ግንዱን ይነክሳል፣ እንጨቱ ያሽከረክረዋል። ዛሬ የሚታወቅበትን ቅርጽ የሰጠው በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. በሜይን ግዛት የነበረ ጆሴፍ ፒቪ የሚባል ቀጥቃጭ ነው፤ መሣሪያው እስከ አሁን በስሙ ይጠራል። አሁን ደግሞ ከሥሩ እግር ተበይዶለት፣ ግንዱን ነክሶ ገልበጥ ሲያደርጉት ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ የሚያስቀምጥ ዓይነት በየዕቃ መደብሩ ይሸጣል። ሽሮ ሜዳ ላይ ያለ ማንኛውም በያጅ ሥዕሉን ብታሳዩት በአንድ ከሰዓት ይሠራዋል ብዬ አምናለሁ። ስለ ጉልበት ቁጠባ ብዙ እናወራለን፤ እንዲህ ያለውን ቀላል ነገር ግን ማንም አያስመጣውም፣ ማንም አያሠራውም።

ትራሱ ከገባ በኋላ ጋሼ መጋዙን አወጡ። በጥርሱ ላይ ትንሽ ላምባ አፈሰሱና በጨርቅ አሹት፤ የባሕር ዛፍ ሙጫ መጋዝ ላይ ሲጣበቅ መጎተቱ ይከብዳል። መሬት ላይ የተኛ ግንድ የማይቆረጥበት አንዱ ምክንያትም ጥርሱ ነው። መጋዙ አፈርና ጠጠር አንድ ጊዜ ከነካ ግማሽ ቀን ሞረድ ይበላል።

ከዚህ በኋላ ያየሁት ነገር አርባ ዓመት ሙሉ ሳልረዳው የኖርኩት ነው። መጋዝ ግንድ ውስጥ ገብቶ ሲያዝ፣ ወደፊትም ወደኋላም እምቢ ሲል፣ እኔ የማውቀው መሳደብ ብቻ ነበር። ጋሼ ግን ግንዱ ከመቆረጡ በፊት ምን እንደሚያስብ ይጠይቁታል። ሁለቱ ጫፎች ተደግፈው መሐሉ ባዶ ከሆነ ግንዱ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይጎብጣል። ያን ጊዜ የላይኛው ወገን ይጨመቃል፣ የታችኛው ይወጠራል። ከላይ መቁረጥ ከጀመሩ ስንጥቁ እየጠበበ መጋዙን ይነክሰዋል። ጫፉ ያለ ድጋፍ አየር ላይ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ ላይኛው ይወጠራል፣ በቆረጡት ቁጥር ስንጥቁ ይከፈታል፣ መጨረሻ ላይ ቁራጩ በገዛ ፈቃዱ ይወድቃል።

ስለዚህ ትራሱን ከጫፍ ወደ ውስጥ አስገቡት፤ 40 ሳንቲ ሜትር በፋስ ዘንግ ለኩ፤ አንዱን ሚዜ ከወዲያ አስቁመው መጎተት ጀመሩ።

"አትግፋ! ሳብ ብቻ! መመለሱን ለኔ ተወው።"

ሁለት ሰው የሚስበው መጋዝ ላይ የጀማሪ ጥፋት ሁሉ መግፋት ነው። የሚገፋ ሰው መጋዙን ያጎብጠዋል፤ የጎበጠ መጋዝ ይነክሳል። እያንዳንዱ በየተራው ሲስብ ጥርሱ ራሱ በክብደቱ ይበላል። ልጁ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ዜማው ገባው። ድምፁም ተለወጠ፤ ከመንጫጫት ወደ መተንፈስ።

መሐል ላይ ሲደርሱ፣ ሁለቱም ወገን የተደገፈበት ቦታ ላይ፣ ሌላ ዘዴ መጣ። ከላይ እስከ ግማሽ ያህል ቆረጡ፣ ትንሽ የወይራ ሽብልቅ በስንጥቁ አፍ ሰክተው እንዳይዘጋ አደረጉት፤ ከዚያ ግንዱን በዲጅኖ ገለበጡትና ከሌላው ወገን ጨረሱት። በቼይንሶው የሚቆርጡ ሰዎችም ይህንኑ ያደርጋሉ፦ ምልክት ያደረጉበትን ሁሉ ሳይጨርሱ ይቆርጡና ግንዱን አንድ ጊዜ ብቻ አንከባለው የቀረውን ከላይ ይጨርሱታል። በዚያ ዓይነት ሰንሰለቱ መሬት ሳይነካ ይውላል።

ረፍት ላይ ሳለን የጓሮውን በር ከፍተን ነበር። በአስፋልቱ ላይ ከእንጦጦ የሚወርዱ ሴቶች ቅርንጫፍና ቅጠል ተሸክመው አለፉ። እስሩ ከትከሻቸው ግራና ቀኝ ከአንድ ሜትር በላይ ተርፎ የመኪና መንገድ ይይዛል፤ ገመዱ ደረታቸው ላይ ተጣብቋል። ጋሼ በብርጭቆአቸው አመለከቱኝ።

"እነሱም አያነሡም" አሉ።

ነገሩ እውነት ነው። እስሩን ከመሬት ብድግ አድርጋ ጀርባዋ ላይ የምትጥል የለችም። ዳገት ወይም ጉብታ ላይ ያስደግፉታል፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጡበታል፤ ገመዱን ደረታቸው ላይ ያስሩና ወደፊት ጎንበስ ብለው በእግራቸው ይነሣሉ። ሲደክማቸው ደግሞ እስሩን ሳይፈቱ የግንብ አጥር ላይ ያሳርፉታል። ከፍታው በሸክሙ ልክ የሆነ ግንብ የት የት እንዳለ መንገዱን ሁሉ ያውቁታል።

በ1986 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት በኬንያ የሉዎና የኪኩዩ ሴቶችን ለክቶ ነበር። ከልጅነታቸው ጀምሮ የለመዱት ሴቶች የሰውነታቸውን ክብደት 20 በመቶ የሚያህል ሸክም ሲይዙ ባዶ እጃቸውን ከሚሄዱበት የበለጠ ጉልበት አላወጡም። 60 ኪሎ ለምትመዝን ሴት ይህ 12 ኪሎ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ግን ይከፈልበታል። ከእንጦጦ የሚወርደው እስር 12 ኪሎ ቢሆን ኖሮ ማንም እንደ ችግር ባላነሣው። ከተራራው ግርጌ ይህን ሥራ ትተው ተደራጅተው ሽመና የያዙ የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች አሉ፤ ነጠላቸውንና ሻርፓቸውን ቱሪስት ይገዛዋል። መንገዱ ላይ ያሉት ግን አሁንም አሉ።

ያ ሁሉ ሸክም ደግሞ እንጨት ብቻ አይደለም። አዲስ ከተቆረጠ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው። 30 ኪሎ እርጥብ የተሸከመ ሰው 15 ኪሎ ውኃ ጭምር ነው የተሸከመው፤ ምድጃ ሲገባም እሳቱ መጀመሪያ ያንን ውኃ ማትነን አለበት፤ ጭሱም ዓይን የሚያስለቅሰው ለዚህ ነው። ዛፉ በተቆረጠበት ቦታ ተፈልጦ ጥቂት ሳምንት ቢቆይ መኪናውም ወገብም ያርፋል። ደላላ እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም፤ እርጥብ ግንድ በመኪና እንጂ በኪሎ አይሸጥ።

ከረፍት በኋላ ፍለጣው ተጀመረ። እኔ ጋሼን "ለምን ደርቆ አይፈለጥም?" አልኳቸው። ከት ብለው ሳቁ።

"ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ብረት ነው። አሁን ልቡ ሳይጠነክር ነው እንጂ!"

ይህ ዛፍ ታሪኩም ጠባዩም ከጥድና ከወይራ የተለየ ነው። አዲስ አበባ ስትቆረቆር በዙሪያዋ የነበረው ደን በጥቂት ዓመታት ለማገዶና ለቤት አልቆ፣ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ግንባታ እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። ከተማዋን ካተረፏት ነገሮች አንዱ በ1880ዎቹ ዓ.ም. የገባው ይህ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው፤ ከባሕር ማዶ መጣና ባሕር ዛፍ ተባለ። ቶሎ ይደርሳል፣ ከጉቶው ደግሞ ያቆጠቁጣል። ግን ቃጫው ቀጥ ብሎ አያድግም፤ እየተጠማዘዘና እርስ በርሱ እየተቆላለፈ ነው የሚወጣው። እርጥብ ሳለ ይህ መቆላለፍ ይላላል፤ ሲደርቅ ይጠብቃል። ስለዚህ ሥርዓቱ በእርጥቡ ፈልጦ ማድረቅ ነው፤ የተፈለጠውም ልጡ ስለማይሸፍነው በፍጥነት ይደርቃል።

መፍለጫ ጉቶው ከጉልበት ዝቅ ያለ ነው። ቁራጩ ላዩ ላይ ሲቆም አናቱ ከወገብ በታች ይሆናል፤ ፋሱ የሚያርፈውም ጉልበቱ በሚበረታበት ቦታ ላይ ነው። ቢስትም ጉቶውን እንጂ ቅልጥምን አያገኝም። የመጀመሪያው ሚዜ ፋሱን ተቀብሎ መሐል ለመሐል በሙሉ ኃይሉ አወረደው። ፋሱ እስከ አንገቱ ሰጥሞ ቀረ። ለማውጣት ስምንት ደቂቃ ፈጀ፤ ሰዓት ይዤ ነበር።

ጋሼ መሐሉን አይነኩም። ፊቱን አይተው፣ ፀሐይ የሰነጠቀችውን ቀጭን መሥመር ፈልገው፣ ከዳር ይጀምራሉ። አንድ ጥፊ፣ አንድ ስስ ፍልጥ። ዞር ያደርጉታል፣ ሌላ። ቁራጩ እንደ ሽንኩርት እየተላጠ ልቡ ብቻ ይቀራል፤ የቀረችው ልብ ደግሞ በአንድ ምት ሁለት ትሆናለች። ፋሳቸው ስለት የለውም ለማለት ይቻላል፤ ጉንጩ ወፍራም ነው። ስለታም ስስ ፋስ ለመቁረጥ ነው፤ ለመፍለጥ የሚፈለገው ገብቶ የሚያስፋ ነው።

ክብደቱም አስገረመኝ፤ ቀላል ነው። ዛቢያው ግን ረጅም የወይራ ነው። ከትምህርት ቤት ፊዚክስ የቀረችኝ አንዲት ነገር እዚህ ጠቀመችኝ፦ የሚመታ ነገር ክብደቱ እጥፍ ቢሆን ኃይሉ እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ግን ኃይሉ አራት እጥፍ ነው። ከባዱን ፋስ ያነሣ ወጣት በአሥረኛው ምት ይዘገያል። ጋሼ ከማለዳ እስከ ምሳ አንድ ዓይነት ፍጥነት ነበራቸው። ላይኛው እጃቸው ፋሱ ሲነሣ ከአናቱ አጠገብ ነው፤ ሲወርድ በዛቢያው ላይ ተንሸራቶ ከታችኛው ጋር ይገናኛል፤ መጨረሻ ላይ ጉልበታቸው ትንሽ ይታጠፋል።

ፋስ የማይበግረው ሲያጋጥም ሽብልቅ ይገባል። አንዱን የብረት ሽብልቅ አናቱ እንደ እንጉዳይ ተዘርግቶ ስላየሁት ጠየቅኋቸው፤ ወዲያው ወደ ማዳበሪያው መለሱት። እንዲህ የሆነ ብረት በመዶሻ ሲመታ ስንጣሪ እንደ ጥይት ይተፋል፤ ተሞርዶ እስኪስተካከል አይነካም።

አንድ ነገር እኔም አስተምሬአለሁ። ከጎሚስታው ያረጀ የመኪና ጎማ አምጥቼ ጉቶው ላይ አስቀመጥኩና ቁራጩን ውስጡ አቆምኩት። ሲፈለጥ ፍልጡ ወዲያና ወዲህ አይበተንም፤ ቆሞ ይቀራል፤ ለቅሞ መልሶ ማቆም የለም። ጋሼ መጀመሪያ "ጎማ ደግሞ ምን አገባው" ብለው ሳቁብኝ። ሦስት ቁራጭ ፈለጡበት። ዝም አሉ። ማታ ሲሄዱ "ይቺን ጎማ ትፈልጋታለህ?" ብለው ጠየቁኝና እያንከባለሉ ወሰዷት።

ከሁሉ በላይ የሚቀለው ግን ይህ ሁሉ ወደማያስፈልግበት ወደ ዛፉ ዕድሜ መመለስ ነው። ባሕር ዛፍ ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ በአምስትና በስድስት ዓመቱ፣ ጭን ሳያክል ቢቆረጥ፣ የሚፈለጥ ነገር ብዙም የለውም፤ በመጋዝ ቆርጦ መከመር ብቻ ነው። ባለ መሬቱ ወፍራሙን የሚጠብቀው ለምሰሶና ለጣውላ የተሻለ ስለሚያወጣለት ነው፤ ጣውላ ሳይሆን የቀረው፣ ጠማማውና ጉጣሙ፣ ለኛ ማገዶ ሆኖ ይመጣል። በሌላ በኩል ደግሞ በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. እዚሁ አገር የተሠራው ምርጥ ምድጃ የእንጀራ ማገዶን ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ለእህቴ ነግሬያታለሁ። "ከሠርጉ በኋላ" ብላለች።

አሥራ አንዱ ግንድ በሦስት ቀን አለቀ፤ አሥር ማለቴ ነው። አሥራ አንደኛው ሁለት ቅርንጫፍ የወጣበት፣ ጉጥ በጉጥ የሆነ ነበር። ጋሼ ሦስት ጊዜ ዞሩት። ፋሳቸውን አላነሡም። በዲጅኖ እያንከባለሉ ወስደው የድንኳኑ ጥግ አጠገብ አስቀመጡትና ሒሳባቸውን ተቀብለው ሄዱ።

እስከ ሠርጉ ድረስ መቀመጫ ሆነ። የሠርጉ ሌሊት ብርድ ሲጠና ሚዜዎቹ ከሙሽራው ጋር ሆነው አንከባለሉትና እንዳለ እሳቱ ውስጥ ከተቱት። ሰኞ ጠዋት ድንኳኑ ሲፈርስ አሁንም ከሥሩ ይጨስ ነበር።